ሺህ ድርሃም ይዞ አውቶቡስ ማጣት

ባለፈው ወር አንድ ዓርብ ቀን ከአል ዐይን ስልክ ተደወለልኝ። ተርጓሚ ስለሆንኩ የማላውቃቸው ሰዎች ይደውሉልኛል፤ አንዱ የውል ወረቀት እንዳነብለት፣ ሌላዋ "ማዳም እንዲህ አለችኝ፤ ምን ማለቷ ነው?" ብላ ልትጠይቀኝ። ይህች እህት ግን የሚተረጎም ነገር አልነበራትም። የደወለችው እልህ ይዟት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሙስ ማታ ደሞዟን ተቀበለች። የተሰጣት አንድ ብር ብቻ ነው፤ ባለ 1000 ድርሃም፣ አዲሱ፣ ከእጅ የሚያሟልጨው ፕላስቲኩ። ዓርብ እረፍቷ ነው። አቡ ዳቢ ያለች ጓደኛዋ ኮንትራቷን ጨርሳ በዚያው ሌሊት ወደ አገር ቤት ልትበር ነው። ደሴ ላሉት እናቷ የደም ግፊት መድኃኒት፣ ለልጇ ደግሞ ጫማ ልትልክባት በፌስታል ቋጥራ አዘጋጅታለች። ከአል ዐይን እስከ አቡ ዳቢ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአውቶቡስ ካርዷ ባዶ ነበር፤ የአውቶቡስ ሹፌር ደግሞ እንደምታውቁት በእጅ ገንዘብ አይቀበልም። ካርዱን ለመሙላት ዝርዝር ያስፈልጋታል።

መጀመሪያ የገባችበት በቃላ "ማፊ ኽርዳ" አላት። ሁለተኛውም ያንኑ ደገመላት። ሦስተኛው "የመቶ ድርሃም ዕቃ ከገዛሽ እዘረዝርልሻለሁ" አላት። አራተኛው መቸኮሏን አይቶ "950 ልስጥሽ" አላት። "ሃምሳ ድርሃም እኮ የአንድ ቀን ተኩል ደሞዜ ነው" አለችኝ። እምቢ ብላ ወጣች። የጁምዓ ሰዓት ደረሰና ሱቁ ሁሉ ተዘጋ። ከሰላት በኋላ አንድ ኤክስቼንጅ ሲከፈት ያለ ምንም ጭቅጭቅ ዘረዘሩላት፤ ግን ሰዓቱ ሄዷል። አቡ ዳቢ ስትደርስ ጓደኛዋ ወደ ኤርፖርት ወጥታለች። ፌስታሉን ይዛ አል ወህዳ አውቶቡስ ጣቢያ ተቀምጣ ነው የደወለችልኝ።

"ሺህ ድርሃም ይዤ አውቶቡስ አጣሁ" አለችኝ። "ይሄን ለማን ይነገራል?"

እኔ ለእናንተ ልንገር ብዬ ተነሳሁ። ምክንያቱም ይህ የአንድ ሰው ዕድለ ቢስነት አይደለም። ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከል በትልቅ ብር ምክንያት ታክሲ ያልወረደች፣ ውሃ ሳትገዛ ጠምቷት የተመለሰች፣ ወይም "መልስ የለኝም" ተብላ ማስቲካ የተሰጣት ብዙ ናት።

ስለ አዲሶቹ ፕላስቲክ ብሮች

መጀመሪያ የሚታወቀውን እናስቀምጥ፤ ብዙ ወሬ አለና።

የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ማዕከላዊ ባንክ የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ብር ያወጣው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2021፣ አገሪቱ 50ኛ ዓመቷን ስታከብር ነው፤ ባለ 50 ድርሃም ነበር። በኤፕሪል 2022፣ ኢድ አልፈጥር ሊገባ ቀናት ሲቀሩት፣ የ5 እና የ10 ድርሃም ፕላስቲክ ተከተለ። በ5ቱ ላይ የአጅማን ምሽግ፣ በጀርባው በራስ አል ኸይማ የሚገኘው የዳያህ ምሽግ አለ። በ10ሩ ላይ ሁላችሁም የምታውቁት የአቡ ዳቢው የሼክ ዛይድ ታላቁ መስጊድ፣ በጀርባው የኾር ፈካን አምፊቲያትር ይገኛል። ቀጥሎ 1000 መጣ፤ ሼክ ዛይድና የጠፈር መንኮራኩር፣ በጀርባው የባራካ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ። በ2023 መጨረሻ 500፣ በማርች 2025 ደግሞ 100 ድርሃም በፕላስቲክ ወጡ።

ለምን ፕላስቲክ? ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ አውስትራሊያ በ1988 ጀምራዋለች፤ ከጎረቤቶቻችን ሳዑዲ አረቢያ በ2020 የ5 ሪያል ፕላስቲክ አውጥታለች። ፕላስቲኩ ከጥጥ ከሚሠራው ብር እጥፍና ከዚያም በላይ ይቆያል፤ ውሃ አያበሰብሰውም፤ አስመስሎ ለማተምም ይከብዳል። ማየት ለተሳናቸውም በጣት የሚነበብ ምልክት አለው። ይህ ሁሉ መልካም ነው። እኔ በፕላስቲኩ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም።

አሁን ወደ ወሬው። "አሮጌው የወረቀት ብር ሊሞት ነው" የሚል ነገር በቲክቶክም በቮይስም ሲዞር ሰምቻለሁ። ይህ ውሸት ነው። ማዕከላዊ ባንኩ አዲሶቹን ባወጣ ቁጥር አሮጌው የወረቀት ብርም ዋጋው በሕግ እንደተጠበቀ ከአዲሱ ጎን ለጎን እንደሚሠራ ገልጿል። የአል ዐይኑ የጃሂሊ ምሽግ በጀርባው ያለበት የወረቀት 50 ድርሃም ዛሬም 50 ድርሃም ነው። ቀስር አል ሆስን ያለበት የወረቀት 1000ም እንደዚያው።

ወሬው ለምን በእኛ ዘንድ ቶሎ እንደሚያዝ ይገባኛል። መስከረም 4 ቀን 2013 ኢትዮጵያ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችን ለውጣ፣ 200 ብርን አዲስ ስትጨምር፣ ለቅያሬው የተሰጠው ጊዜ 3 ወር ነበር። ያኔ በፍራሽ ሥር፣ በሣጥን ታች ብር ያስቀመጡ እናቶች እንዴት እንደተሯሯጡ እናስታውሳለን። እዚህም ያንኑ የምትፈራ እህት አሮጌ ብሯን "ልቀይርልሽ፣ ከመቶው አምስት ለኔ" ለሚላት ሰው እየሰጠች ነው። አትስጡ። በእጃችሁ ያለ አሮጌ ድርሃም ካሳሰባችሁ መልሱ ባንክ ውስጥ አለ፤ ደላላ አያስፈልገውም።

ክቧና ነጥቧ

አዲስ ለመጣችው እህት አንድ ነገር ልጨምር። የድርሃም ብር አንዱ ፊት በአረብኛ፣ ሌላው ፊት በእንግሊዝኛ ነው። በአረብኛው ፊት ላይ አምስት ቁጥር ክብ ነች፤ እኛ ዜሮ የምንላትን ትመስላለች። ዜሮው ደግሞ ነጥብ ብቻ ነው። ስለዚህ ክብ ብቻዋን 5 ነች፤ ክብና አንድ ነጥብ 50 ነው፤ ክብና ሁለት ነጥብ 500 ነው። ማታ በታክሲ ውስጥ፣ በደብዛዛ መብራት፣ ሐምራዊውን 50 እና ሰማያዊውን 500 ያምታታች እህት አውቃለሁ። ልዩነቱ 450 ድርሃም ነው። ብሩን ገልብጡና በእንግሊዝኛው በኩል ቁጥሩን አንብቡ፤ ካልሆነም ነጥቡን ቁጠሩ።

ሳንቲሞቹም እንደዚያው ናቸው፤ የሚያወጡት ዋጋ የተጻፈው በአረብኛ ነው። ጀበና ያለበት 1 ድርሃም ነው። ሦስት የነዳጅ ማማ ያለበት፣ ጠርዙ ሰባት ማዕዘን የሆነው 50 ፍልስ ነው። ሚዳቋ ያለበት 25 ፍልስ ነው። ሥዕሉን ካወቃችሁ ማንም ሱቅ አያታልላችሁም።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው

እንግዲህ ብሩ ጠንካራ ሆነ፣ አማረ፣ ታጠበም አይበላሽም። ነገር ግን ያቺ እህት የጎደላት ጥንካሬ አልነበረም። የጎደላት 5 እና 10 ነው።

የ5 እና የ10 ድርሃም ፕላስቲክ ታትሟል። ግን ወደ እኛ እጅ እንዴት ይደርሳል? የኤቲኤም ማሽን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መቶና ከዚያ በላይ ነው። ባባ ወይም ማዳም ደሞዝ ለመክፈል ከማሽን ያወጣሉ፤ ያወጡትን እንዳለ ይሰጣሉ። አስበው አይደለም። ለእነሱ ዝርዝር የሚያስፈልግ ነገር የለም፤ ሱቅ በካርድ ይከፍላሉ፣ መኪናቸውን በስልክ ያቆማሉ፣ ምግብ በስልክ ያዛሉ። አምስት ድርሃም ከፈለጉ የሚፈልጉት በኢድ ነው፤ ለልጆች ዒዲያ ለመስጠት። ያን ጊዜ አዲስ ትናንሽ ብር ፍለጋ ባንክ ድረስ ይሄዳሉ።

እኛ ግን በየሳምንቱ ነው የምንፈልገው። የአቡ ዳቢ አውቶቡስ ዋጋ ከ2 ድርሃም ይጀምራል። ሻይ፣ ውሃ፣ የስልክ ካርድ፣ በረፍት ቀን ከጓደኛ ጋር የሚገዛ ሳንዱች፣ ለሰደቃ የሚወጣ፣ ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የሚገባ፣ ይህ ሁሉ ከ20 ድርሃም በታች ነው። በዚህ አገር ትንሽ ብር በጣም የሚያስፈልገው ትንሽ ደሞዝ ያለው ሰው ነው፤ ትልቅ ብር የሚከፈለውም እሱ ነው።

ነገሩን የሚያከብደው ዋጋው ብቻ አይደለም። ትልቅ ብር ብቻ የያዘች ሠራተኛ ለመዘርዘር ሰው መጠየቅ አለባት። ማዳምን ትጠይቃለች፤ "ለምን ፈለግሽው? የት ልትሄጂ ነው? ከማን ጋር?" ይመጣል። የቤቱን ሹፌር ትጠይቃለች፤ ሹፌሩ ወሬውን ይዞ ይመለሳል። አስር ድርሃም በቦርሳዋ ያላት ግን ማንንም ሳትጠይቅ ወጥታ ትገባለች። የሳምንት እረፍት በሕግ የተሰጠ መብት ነው፤ ነገር ግን እረፍቱን በሁለት እግሩ የሚያቆመው ያቺ አስር ድርሃም ነች።

ድርሃም ያለው፣ ፍልስ የሌለው

የተማርኩት አረብኛ ስለሆነ ስለ ቃላቱ ትንሽ ብናገር ቅር አይበላችሁ።

አረቦች ለከሰረ ሰው "ሙፍሊስ" ይላሉ። ቃሉ "ፍልስ" ከሚለው የትንሽ ሳንቲም ስም የወጣ ነው። የጥንቶቹ የቋንቋ ሊቃውንት ሲያብራሩት፣ ድርሃም የነበረው ሰው ፍልስ ብቻ ሲቀረው ሙፍሊስ ሆነ ይባላል ይላሉ። የእኛ እህት ግን የተገላቢጦሽ ሆነባት፤ ድርሃሙ ነበራት፣ ፍልሱ አልነበራትም፤ ቀኑን ግን እንደ ሙፍሊስ ዋለች።

ሌላም አለ። በአማርኛ "ቤሳ ቤስቲን የለኝም" እንላለን። የኤምሬትስ ሰዎች ደግሞ ገንዘብን በአነጋገራቸው "ቤዛት" ይሉታል። ሁለቱም ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው፤ የሕንድ ትንሽ ሳንቲም ከነበረችው ከ"ፓይሳ"። ነጋዴው በባሕር ወዲያና ወዲህ ሲል ቃሏ እዚህም እዚያም ወረደች። ያቺ ትንሽ ሳንቲም ለእኛ የድህነት ስም፣ ለእነሱ የገንዘብ ሁሉ ስም ሆና ቀረች።

የጋራ ታሪካችን በዚህ አያበቃም። የእኛ አያቶች "ማርትሬዛ" የሚሉት የኦስትሪያዋ ንግሥት ምስል ያለበት የብር ገንዘብ፣ በዚህ ባሕረ ሰላጤ ገበያዎችም ይዞር ነበር። በኢትዮጵያ ያ ገንዘብ ትልቅ ነበር፤ በአንዱ ብዙ ነገር ይገዛል፤ ለዕለት ጉርስ ግን አይመችም። ስለዚህ ዝርዝሩ አሞሌ ጨው ሆነ። አሞሌ ከአፋር ምድር ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ይጓዛል፤ በራቀ ቁጥር ይወደዳል። ጨው ከሚወጣበት አቅራቢያ ያለ ሰው አንዱን ማርትሬዛ በብዙ አሞሌ ሲዘረዝር፣ ራቅ ያለው ሰው በጥቂቱ ነበር የሚዘረዝረው። ዝርዝር ፈላጊ ያኔም ኪሳራውን ይሸከም ነበር ማለት ነው።

በእኛም ዘመን ቢሆን በአዲስ አበባ ታክሲ ያደገ ሰው ይህን አይረሳም። ረዳቱ "ዝርዝር ያዙ!" እያለ ይጮሃል፤ መልስ ሲያጣ ለሁለት ሰው አንድ ብር ይሰጥና "ተካፈሉ" ይላል። በተራ መጠበቂያው አጠገብ ደግሞ ሳንቲም የሚሸጡ ልጆች ነበሩ፤ ዝርዝር ያጣው ረዳት ከመቶው ላይ እያስቆረጠ ይገዛቸዋል። እና 1000ውን በ950 ልውሰድ ያለው ባለ ሱቅ አዲስ ነገር አልፈጠረም። ትንሽ ብር ከገበያ ሲጠፋ ራሱ ሸቀጥ ይሆናል፤ ሸቀጥ ሲሆን ደግሞ የሚገዛው የቸኮለ ድሃ ነው።

ባለ ሱቁን ብቻ መውቀስ ይቀላል

እውነቱን እንነጋገር። የበቃላው ሰውዬም እንደ እኛ ስደተኛ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሕንድ ወይም ከባንግላዴሽ የመጣ ተቀጣሪ ነው። ጠዋት በሁለት መቶ ድርሃም ዝርዝር ሱቁን ይከፍታል። አንዷ ገብታ የ1 ድርሃም ውሃ ገዝታ 1000 ብትሰጠው፣ መልሱ 999 ነው። ከየት ያመጣዋል? "ማፊ ኽርዳ" ሲል ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ዝርዝር እያለው በቸገራት ሰው ላይ ዋጋ ሲያወጣበት ነው። ወይም መልስ ብሎ ማስቲካ ሲሰጥ፤ እሷ በማስቲካ ብትከፍለው አይቀበላትም።

ሁለት መከራከሪያዎችንም ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም ሚዛን የሚደፉ ስለሆኑ ልመልስ።

አንደኛው ከራሳችን ወገን የመጣ ነው። በኸሊፋ ሲቲ የምትሠራ አንዲት እህት "አደራ፣ ደሞዛችንን ዘርዝረው ይስጡን ብለሽ እንዳትጽፊ" አለችኝ። "ሺው ሺህ እያለ ይቀመጣል። ከተዘረዘረ ግን አለቀ። እኔ አራት ዓመት ሙሉ የቤቴን ቆርቆሮ የመታሁት ሺውን ባለመዘርዘሬ ነው።" እውነቷን ነው። ትልቅ ብር ለቆጣቢ ሰው መቆለፊያ ነው። የእኔ ጥያቄ ግን ቁልፉ ማን ጋ ይሁን የሚል ነው። ላስቀምጠው ብላ ያልዘረዘረችው ሺህ ድርሃም ቁጠባ ነው። ልዘርዝረው ብላ ያጣችበት ሺህ ድርሃም ግን ቁጠባ ሊባል አይችልም። ከሺው ላይ ሁለት መቶው ተዘርዝሮ ስምንት መቶው በትልልቁ ቢሰጣት፣ ቁጠባውም መንገዱም ይጠበቃል።

ሁለተኛው "የካርድ ዘመን ነው፤ ስለ ሳንቲም ምን ያጨቃጭቃል?" የሚል ነው። ደሞዝ በባንክ ወይም በካርድ ቢገባ እኔም እመርጣለሁ፤ መቼና ስንት እንደተከፈለ ማስረጃ ይሆናል። በኤምሬትስ የደሞዝ ጥበቃ ሥርዓት ለአምስት የቤት ውስጥ የሥራ ዓይነቶች ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ግዴታ ሲደረግ፣ ለሌሎቹ በአሠሪው ፈቃድ ነበር የተተወው። ስለዚህ ዛሬም ብዙዎቻችን በእጅ ነው የሚከፈለን። ካርድ ያላትም ብትሆን ከማሽን ስታወጣ የሚመጣላት ያው መቶና ከዚያ በላይ ነው። ከባንክ ያልደረሰ ሰው ባለበት አገር የካርድ ዘመን ገብቷል ማለት፣ ወንዝ ላልተሻገረ ሰው ድልድዩን አፍርሶ "ጀልባ ይመጣል" እንደማለት ነው።

ምን ይደረግ?

ለአሠሪዎች የምለው ቀላል ነው። አማርኛ የማያነቡ ቢሆኑም ከእናንተ መካከል ለማዳሟ የምታሳይላት አትጠፋም፤ እኔም በአረብኛ ጽፌ ልልክ እችላለሁ። ሺህ ድርሃምን እንዲህ አድርጎ መስጠት ይቻላል፤ ባለ 500 አንድ፣ ባለ 100 ሦስት፣ ባለ 50 ሁለት፣ ባለ 10 ስምንት፣ ባለ 5 አራት። ድምሩ 1000 ነው። ለአሠሪው በወር አንድ ጊዜ ባንክ ወይም ኤክስቼንጅ ጎራ ማለት ነው፤ ለሠራተኛዋ ግን አራት የረፍት ቀኖች ነው። በዒድ ቀን ለልጆች አዲስ 5 እና 10 ለማግኘት የሚደክም እጅ፣ እነዚያኑ ልጆች ለምታጥብና ለምታበላ ሴት በወር አንድ ጊዜ ያንኑ ቢያደርግ አይከብደውም።

ለባንኮች የምለው ደግሞ ጎረቤት አገር የሠራውን ተመልከቱ ነው። የኳታር ማዕከላዊ ባንክ በኢድ ሰሞን በገበያ ማዕከሎች የ5፣ የ10፣ የ50 እና የ100 ሪያል ብር የሚሰጡ ልዩ የኤቲኤም ማሽኖችን ያስቀምጣል፤ ዒዲያ ለሚሰጡ ሰዎች ነው። ዒዲያ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። የቤት ሠራተኛ እረፍት ግን በየሳምንቱ ነው። በአቡ ዳቢ ዋናው አውቶቡስ ጣቢያ አጠገብ አንድ፣ በሙሰፋህ አንድ፣ በአል ዐይን መሃል ከተማ አንድ እንዲህ ያለ ማሽን ዓመቱን ሙሉ ቢቆም ትልቅ እፎይታ ነው። ትንሹን ብር በፕላስቲክ አጠንክሮ ማተም ጥሩ ጅምር ነው፤ ሥራው የሚያበቃው ግን በአውቶቡስ ተሳፋሪ እጅ ሲገባ ነው።

ለእኛም የሚቀር ሥራ አለ።

አንደኛ፣ ደሞዝ በምትቀበሉበት ሰዓት ጠይቁ። በማግስቱ ጠዋት ስትወጡ ሳይሆን፣ ቦርሳው ተከፍቶ ሳለ። "ለው ሰመሕቲ፣ ሙምኪን ሹወየ ኽርዳ?" ማለት "ይቅርታ፣ ትንሽ ዝርዝር ይገኛል?" ማለት ነው። "ኻምሳት ወ ዐሽራት" ካላችሁ ደግሞ አምስት አምስትና አስር አስር ማለታችሁ ነው። ምክንያት ከተጠየቃችሁ "ሊልባስ" በሉ፤ ለአውቶቡስ ማለት ነው። ልመና አይደለም፤ የራሳችሁን ገንዘብ በሚሠራ መልኩ ስጡኝ ማለት ነው። ያን ጊዜ ቆጥራችሁ ተቀበሉ፤ በ2022 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ደሞዝ መከፈል ካለበት ቀን አንሥቶ በ10 ቀን ውስጥ እንዲከፈል፣ ክፍያውም በደረሰኝ ወይም በሌላ ማስረጃ እንዲያዝ ይላል። ደሞዝ ከዘገየ ወይም ከጎደለ የሰው ሀብትና ኤምሬታይዜሽን ሚኒስቴር የሠራተኞች መስመር 80084 ነው።

ሁለተኛ፣ ለመዘርዘር መጀመሪያ ወደ ኤክስቼንጅ ሂዱ። ገንዘብ ወደ አገር ቤት ስትልኩ የሚተርፈውን "በትናንሹ ስጡኝ" በሉ። እዚያ ብዙ ጊዜ አለ፤ ዋጋም አያስከፍልም። በቃላ የመጨረሻው ይሁን። "1000ውን በ950" ለሚል ሰው ደግሞ አትሽጡ።

ሦስተኛ፣ የአውቶቡስ ካርዳችሁን ዝርዝር ባገኛችሁ ቀን ሙሉት እንጂ በምትጓዙበት ቀን አትሙሉት።

አራተኛ፣ ፕላስቲኩን እወቁት። ውሃ አይጎዳውም፤ በልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ተሽከርክሮ በሰላም ይወጣል። ጠላቱ እሳት ነው። በጌታው ካንዱራ ኪስ ውስጥ የቀረ ብር ላይ ካውያ ካሳረፋችሁበት ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፤ ከዚያ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። ከመተኮሳችሁ በፊት ኪስ ፈትሹ። የራሳችሁንም ብር ምድጃ አጠገብ አትደብቁ። አዲስ ሲሆን ደግሞ ይጣበቃል፤ አንድ አስር ሰጠሁ ብላችሁ ሁለት እንዳትሰጡ በጣታችሁ አሸት አድርጉት።

አምስተኛው ከሁሉ ይቀላል። ዝርዝር ያላችሁ ለሌላችሁ አካፍሉ። አገር ቤት ሰፈር ውስጥ "ብር ትዘረዝሪልኛለሽ?" ብሎ የጎረቤት በር ማንኳኳት ነውር አልነበረም። እዚህ በየሕንፃው፣ በየቪላው ተዘግተን ስለምንኖር ረሳነው። በረፍት ቀን የምትገናኙ አምስት ጓደኛሞች በየወሩ አንዳችሁ ኤክስቼንጅ ገብታ የአምስታችሁን ብትዘረዝር፣ አንዳችሁም "ማፊ ኽርዳ" አትባሉም።

የአል ዐይኗ እህት መድኃኒቱን ከዘጠኝ ቀን በኋላ በሌላ ሰው ላከችው፤ እናቷ እጅ ገብቷል። ጫማው ግን ለልጁ ጠበበው። "የገዛሁት በባለፈው ዓመት ቁጥሩ ነበር፤ እኔ ስለሱ የማስበው እንደተውኩት ሆኖ ነው" አለችኝ። ያንን በዝርዝር ማነስ ማሳበብ አልችልም።

ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ፎቶ ላከችልኝ። የስልኳን ሽፋን አውልቃ ከውስጡ ያለውን አንስታዋለች። የሼክ ዛይድ መስጊድ ያለበት፣ አረንጓዴ፣ አዲስ፣ አራት ታጥፎ እምቢ እያለ ተመልሶ የሚዘረጋ 10 ድርሃም። ከሥሩ የጻፈችው ይህን ብቻ ነው፦ "ማዳምን ጠየቅኳት። ስምንት ሰጠችኝ።"